በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፤ ግን እስከ የት?

ጎጃም ውስጥ ያደገ ሰው ይህን አባባል ያውቀዋል፦ «በገና ጨዋታ፣ አይቆጡም ጌታ»። ታኅሣሥ 29 ከሰዓት በኋላ መስክ ላይ በተባለ ነገር ቂም አይያዝም። እረኛው የባለርስቱን ልጅ ይሰድባል። ሎሌው ጌታውን በግጥም ይነካካል። ጌታም ፈገግ ብሎ ያልፋል። በማግስቱ ሁሉም ወደየቦታው ይመለሳል።

እኔ ያደግሁት ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቅ የገጠር ቀበሌ ነው። ገናችን የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ነበር። ሩሯ ከእንጨት የተጠረበች ድቡልቡል ናት። ዱላው ጫፉ ቆልመም ያለ ነው። ዳኛ የለም። ሰዓት የሚይዝ የለም። ፀሐይ ስትጠልቅ ያልቃል። ሲያልቅ ደግሞ ሌላው ጨዋታ ይጀምራል። ያሸነፈው ሰፈር «አሲና በል፣ አሲና ገናዬ» እያለ ይሰበሰባል። ከዚያ ተሸናፊውን በግጥም ይጠብሰዋል።

አንድ ዓመት እኛ የላይ ሰፈሮች ተሸነፍን። የታች ሰፈሮቹ እንዲህ አሉን፦

የላይኛው ሰፈር ጎረምሳው በሙሉ፣
ሩሯ ስታልፍ ዝንብ ነች ይላሉ።

መስኩ በሳቅ ተናጋ። ከኛ በኩል አንዱ አፉ የማይያዝ ልጅ ወዲያው መለሰላቸው፦

ዝንብስ ብትሆን ኖሮ ባየናት ስትበር፣
ሌባ ደብቋት ነው ያሻገራት ድንበር።

ደግሞ ሳቅ። እነሱም ሳቁ። እስከዚህ ድረስ ገና ማለት ይህ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

ከዚያ ከነሱ ወገን አንዱ ከኛ መሀል አንድ ልጅ ለይቶ አየ። የልጁ አባት ሸማኔ ነው። ግጥሙን እዚህ አልደግመውም። ዱላውን እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ይዞት ነበር የሚል ነው፤ ቤት የሚመታውም በአባቱ ሙያ ነው። ሁሉም ሳቀ። የባሰው ደግሞ እኛም ሳቅን፣ የራሱ ሰፈር ልጆች። እሱ ብቻ አልሳቀም። ዱላውን መሬት ላይ አስቀምጦ ሄደ። አልወረወረውም። ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ዱላውን እኔ አነሳሁት፣ ነገ እሰጠዋለሁ ብዬ።

በእግር ኳሱ ዓለም «ይህ ደስታ ነው ወይስ ስድብ?» የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር ያ ልጅ ትዝ ይለኛል። ክርክሩ ደግሞ በየጊዜው ይነሳል።

በጣም የታወቀውን ልጥቀስ። እ.አ.አ. በ2014 ጀርመን ብራዚል ላይ የዓለም ዋንጫን አነሳች። በፍጻሜው አርጀንቲናን 1 ለ 0 አሸነፈች፤ ጎሉን ማሪዮ ጎትዘ በ113ኛው ደቂቃ አገባ። ከሁለት ቀን በኋላ ቡድኑ በርሊን ገባ። ብራንደንቡርግ በር ፊት ለፊት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይጠብቀዋል። ስድስት ተጫዋቾች ተያይዘው መድረክ ላይ ወጡ። ጎትዘ፣ ሚሮስላቭ ክሎዘ እና ቶኒ ክሮስ አሉበት። መጀመሪያ ወገባቸውን አጎንብሰው፣ ዝቅ ብለው እየተራመዱ «ጋውቾዎች እንዲህ ነው የሚሄዱት» አሉ፤ አርጀንቲናዎችን ማለታቸው ነው። ከዚያ ቀጥ ብለው ተነሡና «ጀርመኖች እንዲህ ነው የሚሄዱት» እያሉ ጨፈሩ።

ሕዝቡ አብሮ ጨፈረ። በማግስቱ ግን ወቀሳው ጎረፈ። የሚገርመው ጠንከር ያለ ትችት ከጻፉት መካከል የራሳቸው የጀርመን ጋዜጦች መኖራቸው ነው። የጀርመን እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት ቮልፍጋንግ ኒርስባህ ተጫዋቾቹ ለማዋረድ አስበው እንዳላደረጉት አስረዱ። ለአርጀንቲና አቻቸውም ደብዳቤ እንደሚጽፉ አስታወቁ።

ጋውቾ ማለት በአርጀንቲና ሰፊ ሜዳ ላይ በፈረስ ከብት የሚጠብቅ ሰው ነው። ቃሉ በራሱ ስድብ አይደለም። አርጀንቲናዎች በጋውቾ ይኮራሉ። የአገራቸው ምልክት ነው። ጎጃም ውስጥ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን ያየ ሰው፣ ፈረስና ጀግንነት እንዴት እንደሚተሳሰሩ ያውቃል። ስለዚህ ቃሉን ትቼ ወገቡን ነው የማየው። ተሸናፊው ተጎንብሶ የሚሄድ ፍጡር፣ አሸናፊው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ሆኖ ተሣለ። መድረኩ ላይ ስለ ጎትዘ ጎል ምንም አልተባለም። የታየው የሁለት ሕዝቦች አረማመድ ነው።

የተጫዋቾቹ ጠበቆች መልስ ነበራቸው። ዘፈኑ በጀርመን ስታዲየሞች ለማንኛውም ተጋጣሚ የሚዘፈን ነው፤ ዛሬ ለአንዱ ክለብ፣ ነገ ለሌላው። ይህ እውነት ነው። እኔም ልጆቹ ክፋት አስበው እንዳላደረጉት አምናለሁ። ያ የታች ሰፈር ልጅም ክፋት ያሰበ አይመስለኝም። ቤት የሚመታ ቃል ፈልጎ ነው። አለማሰቡ ይቅርታ ሲጠይቅ ይጠቅመዋል። የተጎዳው ልጅ ግን በዚያ ምሽት ወደ ቤቱ የሄደው ብቻውን ነው።

ታዲያ መስመሩ የት ነው? እኔ መስመሩን የማገኘው እዚያው ገና ሜዳ ላይ ነው። «ዝንብ ነች ይላሉ» ስንባል መልስ ነበረን። ያን ቀን በግጥም መለስን። ለከርሞ ደግሞ በሩር መመለስ እንችላለን። የሸማኔው ልጅ ግን ምን ብሎ ይመልስ? አባቱ ሸማኔ አይደለም ይበል? በሚቀጥለው ዓመት አሥር ጊዜ ቢያገባስ አባቱ ሸማኔ መሆኑ ይቀራል? ይቅርስ ቢባል ለምን ይቀራል? የለበስነው ጋቢ እሱ የሠራው ነው።

መልስ የሚቀበል ፌዝ ጨዋታ ነው። መልስ የሌለው ስድብ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ስለሆነ ይህ ለኛ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ዋሸራም ሆነ ዲማ፣ ቅኔ ቤት ውስጥ መነካካት የኖረ ነው። ተማሪ ተማሪን በሰምና ወርቅ ይወጋዋል። የተወጋውም አድሮ በተሻለ ቅኔ ይመልሳል። ደስ የሚለውም መልስ መጠበቁ ነው።

በዚህ ሚዛን ሁለት የአርጀንቲና ዘፈኖችን እንያቸው። በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ የአርጀንቲና ደጋፊዎች ብራዚል ድረስ ሄደው በብራዚል ላይ ሙድ ይዘዋል። ማራዶና ከፔሌ ይበልጣል እያሉ በየከተማው ዘፈኑ። ብራዚሎች ተናደዱ። ግን መልስ አላቸው። «እኛ 5 ዋንጫ አለን፣ እናንተስ?» ማለት ይችላሉ፤ ብለዋልም። ይህ ገና ነው።

አሥር ዓመት እንቁጠርና ወደ 2024 እንምጣ። አርጀንቲና ማያሚ ላይ ኮሎምቢያን 1 ለ 0 አሸንፋ ኮፓ አሜሪካን ወሰደች። ተጫዋቾቹ አውቶቡስ ውስጥ ይዘፍናሉ። ኤንዞ ፈርናንዴዝ በስልኩ በቀጥታ ያስተላልፋል። የሚዘፈነው ግን ስለ ኮሎምቢያ አይደለም። በ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ጊዜ ደጋፊዎች ያወጡት፣ ፈረንሳይን የሚመለከት ዘፈን ነው። የፈረንሳይ ተጫዋቾች እናትና አባታቸው ከአፍሪካ መሆናቸውን እየጠራ ያላግጣል። የፈረንሳይ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ለፊፋ አቤት አለ። ያኔ በቼልሲ አብሮት ይጫወት የነበረው ፈረንሳዊው ዌስሊ ፎፋና በግልጽ ዘረኝነት ነው አለ። ኤንዞ ይቅርታ ጠየቀ። የአርጀንቲና የስፖርት ምክትል ጸሐፊ የነበሩት ሁሊዮ ጋሮ ደግሞ፣ አምበሉ ሜሲም ይቅርታ ቢጠይቅ ጥሩ ነው በማለታቸው ከሥራ ተባረሩ።

ፎፋና ለዚህ ዘፈን ምን ጎል አግብቶ ይመልስ?

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ተነስቶ ነበር፤ እንዲሁ ላልፈው አልፈልግም። የአርጀንቲና ምክትል ፕሬዚዳንት ቪክቶሪያ ቪያሩኤል ኤንዞን ደግፈው ተናገሩ። ቅኝ ገዢ የነበረ አገር እኛን ሊያስተምረን አይችልም የሚል ነበር ሐሳባቸው። ለኛ ለአፍሪካውያን ነገሩ መጀመሪያ ላይ ጆሮ ይገባል። ፈረንሳይ አፍሪካ ውስጥ የሠራችውን ማን ይረሳል? ግን ዘፈኑ ወደ ማን ሄደ? ፈረንሳይን «ቅኝ ገዢ ነበርሽ» ብሎ መዝፈን አንድ ነገር ነው። ይህ ግን ቅኝ የተገዙትን ሰዎች ልጆች ነው የነካው። «አይቆጡም ጌታ» የሚለው አባባል ራሱ አቅጣጫ አለው። ፌዙ ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው። በዚያች ቀን የሚታገሰው ጌታው ነው፤ ሎሌው ዓመቱን ሙሉ ሲታገስ ከርሟል። ጌታ ተነሥቶ ሎሌውን በዘሩ ቢዘልፈው ያ ገና አይደለም። ያ የአዘቦቱ ቀን ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የእግር ኳስ ጨዋታ ሕግ ቁጥር 12 ጎል አግብቶ ተጋጣሚን በሚያናድድ ወይም በሚያላግጥ ሁኔታ ለጨፈረ ተጫዋች ቢጫ ካርድ ይሰጣል። የፊፋ የዲሲፕሊን ደንብ ደግሞ በዘር፣ በትውልድ ወይም በሃይማኖት ሰው ላዋረደ ተጫዋች ቢያንስ የ10 ጨዋታ ቅጣት ያስቀምጣል። ሁለቱን አወዳድሯቸው፤ አንድ ቢጫ ካርድና 10 ጨዋታ። ደንቡም ሁለቱን ነገሮች ለይቷቸዋል ማለት ነው። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185 አለ። ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታንና አካል ጉዳትን ይጠቅሳል። ሙያ ግን የለበትም። የሸማኔው ልጅ በአዋጁም አልተጠቀሰም።

ወደ ራሳችን ስታዲየም እንምጣ። እኛ ዘንድ ነገሩ ከቀልድ አልፎ ደም ያፈሰሰበት ጊዜ አለ። በ2010 ዓ.ም. ወልድያ ላይ የወልድያና የመቐለ ከተማ ጨዋታ በተነሳ ግጭት ሳይካሄድ ቀረ፣ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በዚያው የውድድር ዓመት የአማራና የትግራይ ክለቦች እርስ በርስ በገለልተኛ ሜዳ እንዲጫወቱ ተደረገ። ያን ሁሉ ያመጣው የስታዲየም ዘፈን ብቻ ነው አልልም፤ ከኳስ ውጭ የተጠራቀመ ብዙ ነገር ነበር። ግን የተጠራቀመው መውጫ ያገኘው በዘፈኑ በኩል ነው። አስጨፋሪ ማይክ ይዞ የአንድን ክለብ ስም ሲጠራ ሕዝብ የሚሰማው የብሔር ስም ከሆነ፣ ጨዋታው እዚያው አብቅቷል።

ባሕር ዳር ከተማ በ2011 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ሲቀላቀል እኔም እንደ ብዙ ጎጃሜ ደስ ብሎኛል። ከተማዋ በቀድሞው አከላለል የጎጃም ነበረች፤ ልባችንም አልወጣም። ክለቡን «የጣና ሞገዶቹ» ብለን እንጠራዋለን። ያማረ ስም ነው። ግን ስሙን ስሰማ ሌላም ነገር ይመጣብኛል። ጣና ላይ ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት ወይጦዎች ጉማሬ በላችሁ ተብለው ለዘመናት በጎረቤቶቻቸው ተንቀው ኖረዋል። ስማቸው ዛሬም ለስድብ ሲውል ሰምቻለሁ። አንድ አላዋቂ ደጋፊ ሌላውን «ወይጦ» ብሎ ሲሰድብ ተጋጣሚውን የነካ ይመስለዋል። የነካው ግን እዚያው ጣና ዳር ያለውን ጎረቤቱን ነው።

እኛም የሚሰድበን አላጣንም። አዲስ አበባ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ነው። የአርሰናል ደጋፊ ነኝ፤ ማንቸስተሮች ተቀምጠዋል። አሸነፍን። ጮህኩ፣ ጨፈርኩ፣ ሙድ ያዝኩ። አንዱ የማውቀው ልጅ እየሳቀ «አንተ ጎጃሜ፣ በዓይንህ በላኸን እኮ!» አለኝ። ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ወዳጄ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ሻይዬን ስጠጣ አፌ ላይ የሆነ ነገር ቀረ። ጎጃሜ ቡዳ ነው የሚለው ወሬ ከኔ በፊት የመጣ ነው። ስንቱ ጎጃሜ ቤት ሊከራይ ሄዶ፣ ሚስት ሊያገባ ሄዶ ሰምቶታል። ምን ልበለው? «አልበላም» ልበል?

ያን ቀን ማታ ስለ ወዳጄ ብቻ አልነበረም ያሰብኩት። ጎጃም ውስጥ እኛ ራሳችን ቡዳ የምንላቸው ሰዎች አሉ። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው፣ ሸማኔው። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እያልን ያደግን ነን። ማረሻችንን የሚሠራልንን ሰው ልጃችንን እንዳያይብን እንሸሽገው ነበር። እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ የተወረወረብኝ ቃል እኛው ለጎረቤታችን ስንወረውረው የኖርነው ነው። ይህን ሳላነሳ ስለ ጀርመንና አርጀንቲና ብቻ ብጽፍ ልክ አይሆንም ብዬ ነው።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ማላገጥ ይቅር?» ይላል። አይቅር! ጨዋታ ያለ ፌዝ ምን ጣዕም አለው? ተጨባብጦ ወደ ቤት መግባት ብቻ ከሆነ ማን ስታዲየም ይሄዳል? ማንቸስተሮች ሲሸነፉ ዝም በል ብትሉኝ አልችልም። እነሱም እኛ ስንሸነፍ ዝም አይሉኝም፤ እንዲሉኝም አልፈልግም። ግብ ጠባቂው ስለ ሳታት ኳስ ግጠሙ። ሚሊዮኖች ወጥቶበት ወንበር ስለሚያሞቀው አጥቂ ግጠሙ። ስለ አሰልጣኙ ጭንቅላት መያዝ፣ ስለ ባዶው የዋንጫ መደርደሪያ ግጠሙ። ይህ ሁሉ በሚቀጥለው ሳምንት መልስ አለው።

ሌላም የራሳችን መንገድ አለ፤ ፉከራ። ፎካሪ ብድግ ብሎ «ዘራፍ!» ሲል በዋናነት የሚያወራው ስለ ራሱ ነው። አባቱን ይጠራል፣ ፈረሱን ይጠራል፣ ውሎውን ይቆጥራል። ደረቱን ነፍቶ ከፍ ይላል እንጂ ሌላውን ለማሳየት አያጎነብስም። የበርሊኑ ጭፈራ ሁለተኛው ግማሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ቀጥ ብለው የተነሡበት ማለቴ ነው፣ ማንም ቅር አይለውም ነበር። ፉከራችን ሁሉ ንጹሕ ነው አልልም። የድሮው ፉከራ ውስጥ ሰውን በዘሩና በቆዳው ዝቅ የሚያደርጉ ስንኞች ነበሩ፤ ዛሬ ማንም ሊደግማቸው አይገባም። ግን ቅርጹ ጥሩ ነው፣ ራስን ከፍ ማድረግ።

የሌላውን ፉከራ ማፌዝስ? በ2023ቱ የሴቶች የዓለም ዋንጫ አራት የስፔን ተጫዋቾች ኒውዚላንድ ላይ የአገሩን ነባር ሕዝብ የማኦሪዎችን ሃካ፣ የነሱን የፉከራ ጭፈራ፣ እየሳቁ ሲያስመስሉ በቪዲዮ ታዩ። ማኦሪዎቹ በሥርዓታቸው ተቀብለዋቸው ነበር። ስፔኖቹ ይቅርታ ጠየቁ። አንድ እንግዳ ቤታችን ገብቶ፣ ጠላ ተቀድቶለት፣ የአባታችንን ሽለላ ወገቡን እየያዘ ቢያስመስልብን ምን እንደሚሰማን ማሰብ ይበቃል።

አሁን ነገሩን ሁሉ ያከበደው ስልክ ነው። የገና ስድብ የተባለው ሰው ፊቱ ላይ ተብሎ፣ የሰማው ሰምቶ፣ ሲመሽ እዚያው መስክ ላይ ይቀር ነበር። ተሳዳቢና ተሰዳቢ ማታ አንድ ዳስ ውስጥ ጠላ ይጠጣሉ። ጀርመኖቹ ሲያጎነብሱ አርጀንቲናዎቹ እዚያ አልነበሩም። ኤንዞ ሲዘፍን ፎፋና አውቶቡሱ ውስጥ አልነበረም። ሁለቱም በቪዲዮ ነው ያዩት፣ ዓለም ሁሉ ካየው ጋር። ዛሬ ደብረ ማርቆስ ወይም ቡሬ ላይ የሰፈር ልጆች ዋንጫ ሲበሉ አንዱ ቪዲዮ ይቀርጻል። ሰዓት ሳይሞላ ቲክቶክ ላይ ነው። ግጥሙ የተገጠመበት ልጅ እዚያ የለም። ወንድሙ ነው ሼር አድርጎ የሚልክለት። መልሱን ለማን ይስጥ? አሥር ሺህ የማያውቀው ሰው ስቆ አልፏል።

ስለዚህ ለአስጨፋሪዎች አንድ ልመና አለኝ። አገሩ የቅኔ ነው፣ ቃል አያጥራችሁም። ማይኩን ከመያዛችሁ በፊት የምትሉት ነገር በሚቀጥለው ጨዋታ መልስ ይኖረው እንደሆነ አንድ አፍታ አስቡ። ካለው በሉት፣ ጮክ ብላችሁ በሉት።

ያ የሸማኔ ልጅ በማግስቱ ከብት አላወጣም። በሳምንቱም መስኩ ላይ አላየነውም። በዓመቱ ገና ስንሰበሰብ የላይ ሰፈር አንድ ሰው ጎድሎት ነበር የተጫወተው። በኋላ ቤተሰቡ ወደ ከተማ ሄደ ተባለ። ዱላው ግን ቤታችን ቀረ። መያዣው ላይ እንዳያንሸራትት የጠመጠመው ክር ነበረበት፣ ነጭ ድር፤ ከአባቱ ሸማ የተረፈ መሆን አለበት። ባለፈው ክረምት እናቴ ቤት ስሄድ ከቆጡ ሥር አገኘሁት። ክሩ አልተፈታም።